በመዋጮ የተሠራ ጌም ለምን ይቆለፋል?

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2012 መቀመጫውን በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ያደረገው ደብል ፋይን የተሰኘ የቪዲዮ ጌም አምራች፣ ሥራው ገና ላልተጀመረ አንድ ጌም 400 ሺህ ዶላር እንዲዋጣለት ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ መድረክ ጥሪ አቀረበ። በአንድ ወር ገደማ ከ87 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከ3.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። ከዚያ በፊት አንድ ትልቅ ጌም ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ወጪውን የሚሸፍነው አሳታሚ ድርጅት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ተጫዋቹ ራሱ ቀድሞ ከፍሎ የሚያሠራበት መንገድ መኖሩ በግልጽ ታወቀ። ለአዋጪዎቹ ከተገባላቸው ቃል አንዱ ጌሙ ያለ ቅጂ መከላከያ ቁልፍ የሚደርሳቸው መሆኑ ነበር። እንዲህ ያለው ቃል ብዙ ጊዜ እንደ አምራቹ ልግስና ይቆጠራል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ የተለየ ነው፤ በመዋጮ የተሠራን ጌም ያለ ቁልፍ ማስረከብ ለአዋጪው የሚከፈል ዕዳ ነው፤ ዕዳነቱም ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው እንደ ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ኢንተርኔት በሚቆራረጥባቸው ስፍራዎች ነው።

የቅጂ መከላከያ ቁልፍ ሲባል ጌሙ ከመከፈቱ በፊት የተጫዋቹን ባለመብትነት የሚጠይቅ ሶፍትዌር ማለት ነው። አሠራሩ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ቁልፍ ጌሙ በሚጫንበት ዕለት አንድ ጊዜ ብቻ ከአምራቹ ሰርቨር ፈቃድ ይጠይቅና ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ጌሙ በተከፈተ ቁጥር ይጠይቃል፤ የከፋው ደግሞ ጨዋታው እስኪያበቃ ድረስ ግንኙነቱ እንዲቋረጥ አይፈቅድም። የሦስቱም መሠረተ ሐሳብ ግን አንድ ነው፦ ገንዘቡን የከፈለው ሰው የገዛው ዕቃ በእጁ እያለ፣ ዕቃውን ለመጠቀም የሌላ ወገን ፈቃድ በየጊዜው ያስፈልገዋል። ኢንተርኔት እንደ አየር በሚቆጠርበት አገር ይህ ፈቃድ ሳይታወቅ ይጠየቃል፣ ሳይታወቅም ይሰጣል። ስለዚህም የቁልፉ ክርክር በዚያ የሚነሣው በአመዛኙ ከመርሕ አንጻር ነው።

በጎጃም ደጋ ጉዳዩ ከመርሕ ይልቅ የዕለት ኑሮ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። መዘጋቱ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው የሌላ ጽሑፍ ርእስ ነው። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በእነዚያ ወራት በተከፈተ ቁጥር ፈቃድ የሚጠይቅ ማንኛውም ሶፍትዌር በኮምፒውተሩ ላይ እያለ የሌለ ያህል ሆኗል፤ ያለ ቁልፍ የተጫነው ግን መብራት እስካለ ድረስ ሠርቷል። መስመሩ ክፍት በሆነበት ጊዜም ቢሆን በርካታ ጊጋባይት የሚመዝን ጌም በሞባይል ዳታ ማውረድ ከተማሪ ኪስ በላይ ነው። በዚህ የተነሣ ፊልሙም፣ መማሪያ ቪዲዮውም፣ ጌሙም ከእጅ ወደ እጅ የሚደርሰው በአብዛኛው በፍላሽና በሜሞሪ ካርድ እየተገለበጠ ነው። ፍላሽ ግንኙነት አይጠይቅም፤ ቁልፉ ግን ይጠይቃል።

በዚህ ላይ የሕጉ አቋም ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው የተለየ ነው። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል አስገብቶታል፤ ያለ ፈቃድ እያባዙ መሸጥ ሕገ ወጥ ለመሆኑ ክርክር የለም። ሆኖም ይኸው አዋጅ አንድን ፕሮግራም በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ቅጂው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ሊተካበት የሚያስችለውን መጠባበቂያ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል። ሕግ አውጪው የሰጠውን ይህን መብት ቁልፉ መልሶ ይነሣዋል፤ ከተቆለፈ ጌም የሚወሰድ መጠባበቂያ፣ ፈቃድ ሰጪው ሰርቨር ከሌለ የማይከፈት ሣጥን ነውና። በቅጂ መብት ላይ የሚጻፉ ጽሑፎች ስለ ሥራው ፈጣሪ መብት በስፋት ሲተነትኑ ይህን የተጠቃሚ መብት በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፋቸው ያስገርማል።

ጎጃም ራሱ የመቅዳት ልማድ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስን በመሳሰሉ ጥንታዊ አድባራት መጽሐፍ የሚባዛው ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ ቃል በቃል እየቀዳ ነበር። በብራና መጻሕፍት ላይ የሰረቀና የፋቀ የተወገዘ እንዲሆን የሚያዝዝ የግዝት ቃል መገኘቱም የተለመደ ነው። ግዝቱ የሚያርፈው መጽሐፉን በሚወስድና በሚያጠፋ ላይ እንጂ በሚቀዳው ላይ አይደለም፤ ቀድቶ ማብዛት መጽሐፉን ከእሳትና ከዝናብ የሚያተርፍ ሥራ ነበርና። ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም፤ ቁም ጸሐፊው ወራት የሚፈጅ ድካም ሲከፍልበት የዛሬው ገልባጭ ጣቱን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ድርሰቱም ከገበያ ገቢ የሚጠበቅበት አልነበረም። ቢሆንም ስርቆትና ቅጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይህ አገር ከኮምፒውተር አስቀድሞ የሚያውቀው ልዩነት ነው።

የአምራቾች ስጋት ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በኢትዮጵያ ከካሴት እስከ ሲዲ የድምፃውያን ድካም ያለ ፈቃድ እየተባዛ በየጎዳናው ሲቸበቸብ ኖሯል፤ ያንን የሚያስታውስ ባለሙያ «ሳይቆለፍ ይለቀቅ» የሚል ምክር ቢያስደነግጠው አይፈረድበትም። በጌም ዓለምም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ዎርልድ ኦቭ ጉ የተባለውን ጌም ያለ ቁልፍ የለቀቁት ሁለት ወጣት አምራቾች፣ ከአስር ተጫዋቾቻቸው ስምንቱ ወይም ዘጠኙ ሳይከፍሉ የሚጫወቱ መሆናቸውን ገምተው ነበር። ሆኖም ያው አምራቾች ቁልፍ ቢኖረው ኖሮ ሽያጩ ከፍ ይል ነበር ብለው አላመኑም። ከሦስት ዓመት በኋላ የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሁለተኛውን የዊቸር ጌም በሁለት መልክ አወጣ፤ በራሱ የጂ.ኦ.ጂ. መደብር ያለ ቁልፍ፣ በዲስክ ደግሞ ከቁልፍ ጋር። የድርጅቱ ኃላፊዎች እንደተናገሩት በስርቆት የተሰራጨው በዋናነት ቁልፉ የተሰበረበት የዲስኩ ቅጂ ነበር። ቁልፉ የጌሙን ፍጥነት ስለሚቀንስ ከቀናት በኋላ አምራቹ ራሱ አነሣው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጠባብ ነው፤ ቁልፍ ሌባን ስለማቆሙ ማስረጃው ደካማ ሲሆን፣ ከፋዩን ስለማጉላላቱ ግን ማስረጃው በየቤቱ ይገኛል።

መዋጮው ወደ ነገሩ ሲገባ የክርክሩ ሚዛን ይለወጣል። በተለመደው ንግድ አምራቹ ቀድሞ ያወጣል፣ ሸማቹ ኋላ ይከፍላል፤ ቁልፉም የሚጸድቀው «ያወጣሁትን ልመልስ» በሚል ነው። በመዋጮ ግን ቀድሞ ኪሳራን የተሸከመው አዋጪው ነው። ጌሙ ባይሠራ፣ ቢዘገይ፣ ቢበላሽ ጉዳቱ የእርሱ ነው። በዚያ ላይ ባለ አክሲዮን አይደለምና ጌሙ ሚሊዮኖች ቢሸጥ ትርፍ አይካፈልም። የደቦ ሠራተኛ ቢያንስ በዕለቱ ከባለ አዝመራው ገበታ ይቀርባል፤ በወንፈል የተሳተፈ ደግሞ ጉልበቱ በተራው ይመለስለታል። የጌም አዋጪ የሚመለስለት ጌሙ ብቻ ነው። ያ አንድ ነገር ደግሞ በፈቃድ የሚከፈት ከሆነ የተመለሰለት ምን እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል።

እርግጥ ነው፣ የሚዋጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ደብል ፋይን እንኳ ከጠየቀው ስምንት እጥፍ አግኝቶ ብሮክን ኤጅ የተባለውን ያንን ጌም በአንድ ጊዜ መጨረስ አልቻለም፤ የመጀመሪያውን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2014 አውጥቶ ከሽያጩ በሚያገኘው ገቢ ቀሪውን በ2015 አጠናቀቀ። ስለዚህ «በመዋጮ የተሠራ ጌም ሽያጭ አያስፈልገውም» የሚለው መከራከሪያ አይጸናም። ዕዳው የሚጸናው ወጪው ተሸፍኗል ከሚል ስሌት ሳይሆን፣ አዋጪው ጌሙ ገና ሐሳብ ሳለ ካመነበት እምነት ነው።

ይህ እምነት ሲታጠፍ የታየባቸው አጋጣሚዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከ1.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋጥቶለት የተሠራው ሻዶውረን ሪተርንስ ያለ ቁልፍ እንደሚወጣ ቃል ተገብቶለት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሊወጣ ሲቃረብ ግን የርእሱ ባለመብት ከሆነው ማይክሮሶፍት ጋር ባለው የፈቃድ ውል ምክንያት ቁልፍ የሌለው ቅጂ በዋናነት ለአዋጪዎች ብቻ የሚሰጥ፣ ኋላ የሚወጡት ተጨማሪዎችም በአብዛኛው በስቲም መደብር በኩል ብቻ የሚገኙ መሆኑ ተገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ መዋጮ የጀመረው ኤሊት ዴንጀረስ ደግሞ ከ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሰብስቦ፣ ያለ ኢንተርኔት ብቻን መጫወት እንደሚቻል ለአዋጪዎቹ አስታውቆ ነበር፤ በኖቬምበር 2014፣ ገበያ ላይ ሊውል አንድ ወር ሲቀረው፣ ይህ አማራጭ መሰረዙን አምራቹ አሳወቀ። አዋጪዎች ተቆጡ፤ ገንዘብ ይመለስልን የሚሉም ተነሡ። በሁለቱም ጉዳዮች የታጠፈው ቃል የሰፈረው በውል ሰነድ ውስጥ ሳይሆን በመዋጮ ጥሪው ገለጻና በአምራቹ መልእክቶች ውስጥ ነበር። ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ የገዛ መምህር መጠኑና የመመለሻ ጊዜው የተጻፈበት ሰነድ በእጁ አለ፤ የጌም አዋጪ ያለው የተስፋ ቃል ነው።

ጥያቄው ለኢትዮጵያ ሩቅ እየመሰለ የቀረበ ነው። በያውንዴ ካሜሩን የሚገኘው ኪሮኦ ጌምስ አውሪዮን የተባለውን ጌሙን በከፊል በኪክስታርተር መዋጮ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ አቅርቧል። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ ኩኩሉንና ገበጣን ለስልክ አበርክቷል፤ እነዚህ በነፃ የሚወርዱ በመሆናቸው የቁልፉ ጥያቄ በቀጥታ አይመለከታቸውም፤ ነገር ግን ከዚህ አገር ሕይወትና ጨዋታ ጌም ሊወጣ እንደሚችል አሳይተዋል። ኪክስታርተር የኢትዮጵያ ነዋሪ ጥሪ እንዲያቀርብበት አይፈቅድም። በሌላ በኩል ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር አነስተኛ ገንዘብን ከብዙ ሰው መሰብሰብን የስልክ ሥራ አድርጎታል። መዋጮም ለዚህ ሕዝብ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና ድልድይ ሲሠራበት የኖረ ነው። ስለዚህ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ በአማርኛ ለሚዘጋጅ ጌም ከመቶዎች ሃምሳ ሃምሳ ብር የሚሰበስብበት ቀን ሩቅ አይሆንም። ያ ቀን ከመምጣቱ በፊት ልማዱ ቢበጅ ይሻላል።

ልማዱን ማበጀት ደግሞ ከባድ አይደለም። የመዋጮ ጥሪው ጌሙ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት መሆኑን አስቀድሞ፣ በማያሻማ ቃል፣ እንደ ግዴታ ቢጽፍ የመጀመሪያው ችግር ይወገዳል። የሻዶውረን ጉዳይ እንደሚያስተምረው ግን ቃል መስጠት የሚቻለው በእጅ ባለው መብት ላይ ብቻ ነው፤ ሙዚቃው፣ ሥዕሉ፣ የጌሙ መሥሪያ ሶፍትዌር ከሌላ ወገን በፈቃድ የተገኘ ከሆነ አምራቹ ያን ፈቃድ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ማንበብ አለበት። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ለማኅበረሰብ የሚቀርብ የተማሪ ፕሮጀክት የሚመዝን መምህር ስለ ኮዱ ውበት ከመጠየቁ በፊት ስለዚህ ቢጠይቅ ፍርዱ ትክክል ይሆናል።

ሰርቨር የሚያስፈልገው የብዙ ሰዎች የጋራ ጨዋታ የራሱ ጣጣ አለው፤ እዚያ ግንኙነት የጨዋታው አካል ስለሆነ ዝም ብሎ ቁልፍ ሊባል አይችልም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2014 በዩቢሶፍት የተሸጠው ዘ ክሩ፣ ሰርቨሩ በማርች 31 ቀን 2024 ሲዘጋ፣ የገዙት ሰዎች ብቻቸውን እንኳ ሊጫወቱት አልቻሉም። አሥር ዓመት ያልሞላው ሥራ በገዢዎቹ መደርደሪያ ላይ እያለ ጠፋ። በአገራችን የታተሙ ሥራዎችን ቅጂ በሕግ የሚረከብ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት አለ። ነገ አንድ የጎጃም ወጣት ቡድን በሕዝብ ገንዘብ የሠራውን ጌም ለዚህ ተቋም ወይም ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ቢያስረክብ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ አጥኚ ሊከፍተው የሚችለው በርክክቡ ዕለት ያልተቆለፈውን ቅጂ ብቻ ነው።