በብስክሌት ተጕዞ ቤት ስለ መሥራት

ልጆች ሆይ፤ በዱቦ የምትኖሩ ሁላችሁ ቤት ሲሠራ አይታችኋል። አስቀድሞ ምሰሶው ይተከላል፤ ቋሚው ዙሪያውን ይቆማል፤ ማገሩ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ጭቃው በእግር እየተረገጠ ይመረጋል፤ ጣራውም ሣር ይለብሳል፤ ወይም ቆርቆሮ ይመታበታል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም፤ ስለዚህ ጎረቤት ተጠርቶ ይመጣል። የወላይታ ሰዎች ይህን ዳጓ ይሉታል፤ በሌላው አገር ደቦ ወይም ጅጊ ይባላል።

አሁን የምነግራችሁ ግን ማንም ሳይጠራቸው፥ ከሩቅ አገር በብስክሌት እየተጓዙ የሰው ቤት ስለሚሠሩ ሰዎች ነው።

በአሜሪካ አገር ሚላርድ ፉለር የሚባል ጠበቃና ነጋዴ ነበረ። ገና በወጣትነቱ እጅግ ባለጠጋ ሆነ፤ ኋላ ግን ከሚስቱ ከሊንዳ ጋር ተማክሮ ሀብቱን ለበጎ ሥራ ሰጠ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ዓመት ሁለቱ ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ደንብ ይህ ነበረ፦ ቤቱ የሚሠራለት ሰው ከረዳቶቹ ጋር አብሮ ይደክማል፤ የቤቱንም ዋጋ ያለ ወለድ ጥቂት በጥቂት ይከፍላል። የአገሩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር እንኳ ከ1984 ጀምሮ እስከ እርጅናቸው ድረስ መዶሻ ይዘው ከሠራተኞቹ ጋር ይውሉ ነበር። ማኅበሩ በ1993 ወደ አገራችን ወደ ኢትዮጵያም መጣ።

ፉለር በ2005 ሌላ ማኅበር መሠረተ። የዚህም ማኅበር ወዳጆች በ2008 ከሳን ዲዬጎ ከተማ ተነሥተው፥ ከ3000 ኪሎ ሜትር በላይ በብስክሌት ተጕዘው፥ በሌላው ባሕር አጠገብ ወዳለው ወደ ሳቫና ደረሱ። በየደረሱበትም መጠለያ ስለሌላቸው ሰዎች ይናገሩ፥ ገንዘብም ይሰበስቡ ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከብስክሌታቸው ወርደው ሚስማር ይመታሉ፤ ግድግዳም ይቀባሉ።

ብልህ ልጅ ይህን ሰምቶ፦ «ብስክሌቱን ሸጠው ቆርቆሮ ቢገዙበት አይሻልም ነበርን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። መንገደኛው ለጕዞው የሚያወጣው ወጪ ለድኻው ከሚሰበስበው ቢበልጥ፥ እቤቱ ተቀምጦ ገንዘቡን ቢልክ ይሻላል። አናጢ ያልሆነ ሰውም የአናጢውን መዶሻ ነጥቆ ጣውላውን ቢያበላሽ፥ ጕዳት እንጂ ርዳታ አላመጣም። እንደዚህ ያለ እንግዳ አሸዋ ይሸከም፤ ጭቃ ያቡካ፤ ግንበኛውን ይታዘዝ።

ነገር ግን ተቀምጦ የሚለምንን ሰው ብዙ ሰው አይሰማውም። አቧራ ለብሶ፥ ላቡን እየጠረገ ከመንገድ የሚመጣውን ግን ሰው ሁሉ «ወዴት ትሄዳለህ? ስለ ምንስ ትደክማለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የልመናው በር በዚህ ይከፈትለታል። የእኛ አገር ሰው ገረመው ደንቦባ በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ በብስክሌት ተወዳድሮ ሃያ አራተኛ ወጣ፤ ስለ አገሩ ክብር መድከሙ ያስመሰግነዋል። ስለ ሌላ ሰው ጣራ የሚደክም እግርም ከዚህ አያንስም ብዬ አስባለሁ።

ከእነዚህ መንገደኞች እጅግ የወደድሁት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱንም እዚህ በዱቦ ሆኜ ካላሰብሁት አላስተውለውም ነበር። የእኛ ዳጓ መልካም ነው፤ ሆኖም አንድ ጕድለት አለበት። ጠሪው ሠራተኞቹን ማብላት ይገባዋል። ቆጮው፥ ጎመኑ፥ ቡናው፥ ሲቻልም ሥጋው ከየት ይምጣ? እንሰት በጓሮው የሞላለት ሰው ዳጓ በጠራ ጊዜ መንደሩ ሁሉ ይመጣል፤ ቤቱም ፈጥኖ ያልቃል። የምታበላው የሌላት ባልቴት ግን ለመጥራት ታፍራለች። ጣራዋ እያፈሰሰ ክረምቱን ሁሉ ዕቃዋን ከማእዘን ወደ ማእዘን ስታዛውር ትከርማለች። ቤት ይበልጥ የሚያስፈልጋት እርስዋ ስትሆን ዳጓው ያልፋታል፤ ይህም የሚሆነው በክፋት አይደለም፤ በልማድ ነው።

በብስክሌት የሚመጡት ግን የቤቱን ባለቤት «ምሳ አዘጋጂልን» አይሉም። በየመንገዱ አብያተ ክርስቲያናት ያሳድሯቸዋል፤ የሥራውን ወጪ አስቀድመው ለምነው ይዘው ይመጣሉ። ቤት የሚሠራለት ሰው ጕልበቱን እንጂ ድግሱን አይጠየቅም።

እንግዲህ እኛ ብስክሌት የለንም፤ ከባሕር እስከ ባሕርም አንጓዝም። በመንደራችን ግን ጣራዋ የሚያፈስባትን ባልቴት እናውቃታለን፤ መንገዱም ሩቅ አይደለም። ከክረምት በፊት፥ ሣሩ ደርቆ ሳለ፥ ሳትጠራን እንሂድ። ትልልቆቹ ልጆች ሣሩን ይሸከሙ፤ ትንንሾቹ ለጭቃው የሚሆን ውኃ ይቅዱ፤ እያንዳንዱም ቆሎውን ከእናቱ ተቀብሎ በኪሱ ይያዝ። ባልቴቲቱ ቡና አፍልታ ብታቀርብ እንቢ አትበሉ፤ ክብሯ ነውና። ጣራ ላይ የሚወጣው ግን ክዳን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ይሁን፤ ልጅ ከቶ አይውጣ።