ቅኔ እንደ ዜማ ሲጠና

የመውጫ ፈተና በቀረበ ቁጥር አንድ ገበያ ይደራል። የሚሸጠው ጤፍ አይደለም፣ የጋይንት ድንችም አይደለም። ጥያቄ ነው። «ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው»፣ «ይህን ያነበበ አይወድቅም»፣ «የመጨረሻ ሰዓት ክለሳ»... ቴሌግራሙ ይንጫጫል፤ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ትኩሳት ይይዘዋል። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪውም አልጎሪዝምንና ኦፕሬቲንግ ሲስተምን «ቁጥር 1 ቢ፣ ቁጥር 2 ዲ» እያለ በቃሉ ይወጣዋል።

ይኼ ጥናት አይደለም ያልን እንደሆነ የተዘጋጀ መልስ አለ። «ምን ታደርገዋለህ ወንድሜ! ሽምደዳው ከቄስ ትምህርት ቤት የወረስነው አመል ነው» ይሉናል። እንዲህ የሚሉት ደግሞ የተማሩ ሰዎች ናቸው። የኔም ጠብ ከነሱ ጋር ነው። የራሳቸውን ስንፍና በመሪጌታው ጫንቃ ላይ ይጭናሉ።

እንዲህ የሚል ሰው ጋይንት ወርዶ ቢጠይቅ ጥሩ ነበር። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም ያለችው እዚያው ጋይንት ነው። ድጓ በየትም አገር ተምሮ ያጠናቀቀ ሰው ሊመሰክር የሚመጣው ወደ እሷ ነው። አዎን፣ ዜማ በቃል ይጠናል። ምልክቱ አንድ ቦታ ከተሳተ ዜማው ሌላ ይሆናልና መሸምደዱ ተገቢ ነው። ቅኔ ቤት ግን ሕጉ ሌላ ነው። ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነስቶ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይወጣል፤ በየቀኑም አዲስ ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይቀርባል። የትናንቱን ይዞ የመጣ፣ የጓደኛውንም የራሱ ያስመሰለ፣ በጉባኤው ፊት ያፍራል። ሊቃውንቱ የሚሸመደደውን ከሚፈጠረው ለይተው ሁለት ቤት ሠሩለት። ሁለቱን ቤት የደባለቅነው ዩኒቨርሲቲ የከፈትነው እኛ ነን።

አልጎሪዝም የቅኔ ቤት ትምህርት ነው። ቃሉ የመጣው በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበረው የሒሳብ ሊቅ ከአል ኽዋሪዝሚ ስም ነው። ነገሩ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ባሕረ ሐሳብን ተመልከቱ። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱ ይደመራል፤ በ19 ይገደፋል፤ ከትርፉ አንድ ይነሳል፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል። የ2018ን ብትሠሩት ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልመጡ ስሌቱ አንድ ቦታ ተሳስቷል ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ስልቱ የራሱን ስህተት የሚይዝበትን ወጥመድ ጭምር ይዞ ነው የተሠራው። ይህን የሚያሰላ ደብተራ የ2018ን መልስ በቃሉ አልያዘም። ዓመቱን ብትለውጡበት እንደገና ያሰላል።

የኛን ተመራቂ ቁጥሩን ለውጡበትና እዩት።

በኦፕሬቲንግ ሲስተም መማሪያዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ምሳሌ አለ። ለአገራችን ሰው እንዲመች በመስኖ ልናገረው። በአንድ ቦይ የሚጠቀሙ ሦስት ገበሬዎች አሉ። አንደኛው 24 ሰዓት ውሃ ይፈልጋል፤ ሁለቱ ሦስት ሦስት ሰዓት ይበቃቸዋል። የውሃ አባቱ «ቀድሞ የመጣ ይጨርስ» ካለና ባለ 24ቱ ከቀደመ፣ ሁለተኛው 24፣ ሦስተኛው 27 ሰዓት ይጠብቃል፤ አማካዩ 17 ሰዓት ነው። «እያንዳንድህ ከአራት ሰዓት በላይ ሳትይዝ ተራ ልቀቅ» ቢል ግን አማካዩ ወደ 5.67 ይወርዳል። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ውሃው የማሽኑ ጊዜ ነው፤ የውሃ አባቱም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው።

ሸምዳጁ 5.67ን ያውቃታል። «ተራው ከአራት ወደ ሁለት ሰዓት ቢያጥርስ?» በሉት። «ካጠረማ ጥበቃው ይቀንሳል» ይላል በድፍረት። አይቀንስም፤ ወደ 6.33 ይወጣል። ባለ ሦስት ሰዓቱ ገበሬ አንድ ሰዓት ሲቀረው ተነስቶ እንደገና ወረፋ ይገባልና! ይህን ለማወቅ ኮምፒዩተር አያስፈልግም። እርሳስ፣ አንድ ገጽ ወረቀትና የአሥር ደቂቃ ትዕግሥት ይበቃል።

ሌላ ልጨምር። «ዴድሎክ» የሚባለውን ነገር ተማሪው አራት ሁኔታዎች እንዳሉት በእንግሊዝኛ ያነበንባል። ምን ማለት ነው ስትሉት ይተክዛል። የእስቴ ገበሬ ልጅ ሆኖ ይህን መተከዝ ምን ይሉታል? ሁለት ባለ አንድ በሬ ገበሬዎች አስቡ። እያንዳንዱ በሬውን ይዞ የሌላውን በሬ ይጠብቃል። አንዱም አይለቅም፣ ቀምቶ የሚሰጥ ዳኛም የለም። ሁለቱም ማሳ ጦም ያድራል። ዴድሎክ ይኸው ነው። አባቱ ደግሞ መፍትሔውን ያውቀዋል፤ መቀናጆ ይባላል። ዛሬ ሁለቱም በሬ ላንተ፣ ነገ ሁለቱም ለኔ። ይዞ መጠበቅ ቀረ፣ ቋጠሮው ተፈታ። ልጁ ይህን እያየ አድጎ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ የነገሩን ስም በእንግሊዝኛ ሸምድዶ ነገሩን ረሳው። ያስረሳነው እኛ ነን።

«ይሁን እንጂ ያልፋል» የሚል አይጠፋም። አያልፍም! የመውጫ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ሲሰጥ በአገር አቀፍ ደረጃ ያለፉት 40 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62፣ ከግሎቹ 17 ከመቶ ገደማ። 100 ጥያቄ፣ ማለፊያው 50። አራት ዓመት የተማረ ሰው ግማሹን ካልመለሰ ዲግሪ የለም። ሁለተኛ ዲግሪ ለሚሻውም ሌላ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ይጠብቀዋል።

የዚህ ዕዳ ከፋይ ማነው? ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔት ከገባባቸው ወረዳዎች ናቸው። ከወገዳ፣ ከአርብ ገበያ ወይም ከንፋስ መውጫ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚልክ ቤተሰብ ከትርፉ አይደለም የሚልከው፤ ከጉድለቱ ነው። በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ልጅ እጅ ላይ የመልስ ፊደል አስጨብጦ «በርታ» ማለት ምክር አይባልም።

«ኮምፒዩተር በሌለበት ምን ተብሎ ይጠና?» ለሚለው እውነት አለው። ላብራቶሪ ሳያሟሉ የኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል መክፈት ነውር ነው፤ ከፋቾቹ ሊጠየቁበት ይገባል። ለሽምደዳው ግን ምክንያት አይሆንም። ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ በ1956 እ.ኤ.አ. አጭሩን መንገድ የሚያገኘውን ዝነኛ አልጎሪዝም ያሰበው አምስተርዳም ውስጥ ቡና ቤት ተቀምጦ፣ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ፣ በ20 ደቂቃ ነው። ከወገዳ ደብረ ታቦር ለመድረስ ከየመንገዱ የቱ እንደሚያጥር የሚያወጣ ተማሪም ዛፍ ጥላ ሥር ሊሠራው ይችላል።

የድሮ ጥያቄ መሥራት ኃጢአት ነው አላልኩም። የቀደሙትን ቅኔ የማይሰማ የቅኔ ተማሪ የለም፤ ሰምቶ ግን የራሱን ይቆጥራል። እናም ተማሪ ሆይ፤ የድሮውን ጥያቄ ስትሠራ መልሱን ሸፍነው። ከሠራኸው በኋላ ቁጥሩን ለውጠህ ድገመው። ሌሎቹ ሦስት ምርጫዎች ለምን ስህተት እንደሆኑ ለጓደኛህ አስረዳ። ማስረዳት ካቃተህ አልገባህም።

መምህራንም ከመልስ ወረቀት አዳይነት ውጡ። ከፈተናው በፊት እያንዳንዱን ተማሪ ለአሥር ደቂቃ ፊታችሁ አቁማችሁ «ለምን?» በሉት። ክፍሉ ብዙ ነው፣ ጊዜ የለም ትላላችሁ። የየኔታም ጉባኤ ብዙ ነበር፤ ደመወዝም አልነበራቸው። ጥያቄ አውጪዎችም ብትሆኑ፣ ከዓመት ዓመት ያንኑ ቁጥር ደግማችሁ እያቀረባችሁ «ትውልዱ ይሸመድዳል» አትበሉ። የሚሸመደድ ጥያቄ አውጥቶ ሸምዳጅን መውቀስ፣ በር ከፍቶ ተኝቶ ሌባን እንደ መርገም ነው።

የባንኩ ሲስተም እኩለ ሌሊት ላይ ቀጥ ሲል ከሥሩ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብሎ የሚመጣ የለም። ያኔ የሚፈለገው ቁጥሩ ሲለወጥበት ማስላት የሚችል ሰው ነው። ጋይንት እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንደሚፈተን ከጥንት ያውቃል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሄደው ይጠይቁ።