ለእንጀራ የተሠራ ሳህን የት አለ?

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሰንጋ ተራ ይሞላል። የባንኩ፣ የኢንሹራንሱና የየቢሮው ሠራተኛ ከፎቅ ወርዶ ወደ ምግብ ቤቶቹ ይጎርፋል። ረቡዕና ዓርብ የሚበዛው ትእዛዝ በያይነቱ ነው፤ በብዙ ቤት የሚቀርበውም በነጭ የፖርሰሊን ሳህን ነው። ሳህኑ ያምራል። ችግሩ የሚታየው መብላት ሲጀመር ነው። ጠርዙ ሰፊና ወደ ውጭ የተንጋለለ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ እንጀራው ከዳር ተርፎ ይንጠለጠላል፤ ሽሮው ተንሸራቶ ከክኩና ከጎመኑ ጋር መሐል ላይ ይገናኛል። መሶብ ስንደዶና አክርማ ስለሆነ ወበቁን ይመጠዋል፤ የሚያብረቀርቅ ፖርሰሊን ግን አይመጥም። ስለዚህ የሥረኛው እንጀራ ይርሳል፤ ሲቆርሱት ይበጣጠሳል።

ይህ የወጥ ቤቱም የአስተናጋጁም ጥፋት አይደለም። ሳህኑ የተሠራው በሹካና በቢላ ለሚበላ ምግብ ነው። ለዚያ ምግብ ጎድጓዳው መረቁን ይይዛል፣ ሰፊው ጠርዝ ለአስተናጋጁ እጅ መያዣ ይሆናል። የእንጀራ ሳህን ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ሜዳ፣ ከንፈሩ አጭርና ቀጥ ያለ መሆን አለበት። የወጥ ማቅረቢያውም ጎድጓዳ ሳህን እንጀራ ላይ ሲገለበጥ ወጡ በጎኑ እንዳይወርድ ትንሽ አፍ ያስፈልገዋል። ሁለቱንም ገበያ ላይ ፈልጌ አላገኘሁም።

አይቻልም የሚል ካለ ሲኒያችንን ይመልከት። እጀታ የለውም፤ በጣት ጫፍ ይያዛል፣ ረከቦት ላይ ጎን ለጎን ተጠጋግቶ ይደረደራል፣ ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ጊዜ ቢጠጣበት ልክ በሆነ መጠን የተሠራ ነው። መርካቶ ከሚሸጠው ብዙው የቻይና ሥሪት ነው፤ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት የታተመበትም አለ። ፋብሪካው በሩቅ ሆኖ ለእኛ ቡና የሚስማማ ዕቃ የሚሠራው ገዢው የሚፈልገውን ለይቶ ስለሚያውቅ ነው። አውሮፓውያንም በመጀመሪያ ይጠጡ የነበረው በቻይና እጀታ አልባ ኩባያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1710 በጀርመን የማይሰን ፋብሪካ ተቋቁሞ የራሳቸውን ፖርሰሊን ማምረት ሲጀምሩ ግን ኩባያውን ለራሳቸው አመል እየለወጡት ሄዱ፤ እጀታውም እየተለመደ መጣ።

ጥሬ ዕቃውስ? ፖርሰሊን በዋናነት ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር፣ ፌልድስፓርና ኳርትዝ ተቀላቅለው ከ1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚደርስ ሙቀት ሲተኮሱ የሚገኝ ነው። ካኦሊን ጉጂ ውስጥ ቦምቦዋ ከሚባል ቦታ ሲወጣ ኖሯል፤ ሐዋሳ የሚገኘው ታቦር ሴራሚክም በዚያ አፈር ሠርቷል፤ ከግድግዳ ንጣፍና ከመጸዳጃ ቤት ዕቃ ጋር የገበታ ዕቃም አምርቷል። አፈሩም እጁም አገር ውስጥ አለ ማለት ነው።

ለሰንጋ ተራ ደግሞ ልዩ ነገር አለ። ከፖርሰሊን ወገን በስስነቱና በጥንካሬው የሚደነቀው፣ እንግሊዞች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የሚሠሩት ዓይነት፣ ግማሽ ያህሉ የከብት አጥንት አመድ ነው። አጥንቱ ስቡና ሙጫው ተለይቶለት ይቃጠላል፣ ይፈጫል፣ ከካኦሊኑ ጋር ይቦካል። ብርሃን ላይ ቢይዙት ከኋላው ያለው የጣት ጥላ ይታያል። ከአፍሪካ ትልቁ የከብት ሀብት ባለበት አገር፣ ስሙን ከሰንጋ ገበያ ባገኘ ሰፈር፣ አጥንቱ ይጣላል፤ በአጥንት የተሠራው ሳህን ግን በውጭ ምንዛሪ ይገባል። ይህ ያንገበግበኛል።

በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ሰፈሩን ከአናት ያያል። በዙሪያው በየጊዜው አዲስ ምግብ ቤት ይከፈታል፤ እያንዳንዱም ሲከፈት ሳህን በብዛት ይገዛል። ባለቤቶቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ቀጣዩን ትእዛዝ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ እንጀራ ይዛችሁ ሂዱና ሳህኑ ላይ ዘርጉት፤ ወጥም ጨምሩበት። ካልበቃው አትግዙት። የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ጥሩና ለእንጀራ የሚሆነውን አስነድፏቸው፤ ንድፉንም ለአምራቹ፣ ሐዋሳም ይሁን ቻይና፣ ላኩለት።