መምህሩም ያስመስክር

የመረጃ ሥርዓት ወይም ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የሚባለው ትምህርት ዛሬ በብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ትምህርቱ የኮምፒዩተርን መሣሪያ ብቻ የሚያጠና አይደለም። ስምና ቀን፣ ገንዘብና ንብረት በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከባለጉዳዩ ወደ መዝገብ፣ ከመዝገብ ወደ ሹሙ፣ ከሹሙም ወደ ትእዛዝ እንዴት እንደሚተላለፍ የሚመረምር ነው። ስለዚህ ፍሬው የሚታየው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ሳይሆን በግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ በጤና ጣቢያው ካርድ፣ በመሬት ይዞታው መዝገብና በፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ላይ ነው። የሚያስተምረውም መምህር በእጁ ሠርቶ የማያውቀውን በቃሉ ብቻ የሚናገር እንደ ሆነ፣ ጕድለቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ፋይልህ አልተገኘም እየተባለ ደጅ ሲጠና በሚከርመው ባለጉዳይ ላይ ይደርሳል።

ትምህርቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ሲቋቋም፣ ስሙ እንደሚያስረዳው፣ ለኢትዮጵያ ብቻ የታሰበ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች በዙ፤ መምህራንም በዚያው ልክ ተፈለጉ። ከእነርሱም መካከል ከተማሪነት ወንበር ተነሥተው ወዲያው ወደ መምህርነት የተሻገሩ፣ በመካከሉ አንድ ዓመት ስንኳ በመሥሪያ ቤት መዝገብ አጠገብ ያልተቀመጡ አሉ። ይህን የምንለው ለነቀፋ አይደለም፤ ችኰላው የጊዜው ግድ ነበርና።

የትምህርቱ ሥርዓት ራሱም ጸንቶ አልቆየም። በዓለም የታወቁት የኮምፒዩተርና የመረጃ ሥርዓት ሊቃውንት ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት አርአያ ሥርዓተ ትምህርት፣ ፕሮግራም መሥራትን ከግዴታዎቹ አውጥተው በምርጫ እንዲሆን አድርገውት ነበር። የ2020 በተባለው አርአያ ግን መልሰው ከግዴታዎቹ አገቡት። እንግዲህ ትናንት ይህን ሳይሠራ ለማስተማር የበቃ ሰው፣ ዛሬ አስተምር ቢባል ከየት ያመጣዋል?

ለመምህራን ሥልጠና አይሰጥም አይባልም፤ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ግን መምህራኑ ከየዩኒቨርሲቲያቸው ተጠርተው በሆቴል አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ አንድ ዐዋቂ በግድግዳው ላይ ጽሑፍና ሥዕል እያሳየ ይናገራል፤ ሻይ ይጠጣል፤ በሦስተኛው ቀን የምስክር ወረቀት ይታደላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ውሎ አበል ይከፈላል። በሦስቱ ቀን ውስጥ ኮምፒዩተሩን የነካው ተናጋሪው ብቻ ነው።

በዚህ ነገር ከአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የምንወስደው ምሳሌ አለ። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ቅኔ ስለ ሰማ ብቻ ባለቅኔ አይባልም። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል፤ ለመምህሩም ይነግራል፤ የጐደለው ይታረምለታል፤ በማግሥቱም ሌላ ይዞ ይቀርባል። ድጓን የተማረ ሰው ደግሞ በጋይንት ወደምትገኘው ቤተ ልሔም ወጥቶ ካላስመሰከረ፣ የድጓ መምህር ነኝ ብሎ ወንበር መዘርጋት ይከብደዋል፤ ዝማሬ መዋሥዕትን የሚሻም ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ማስመስከር ማለት ወረቀት መቀበል ሳይሆን፣ የተማሩትን በዐዋቂ ፊት አድርሶ ማሳየት ነው። ይህ ሥርዓት ተማሪውን ብቻ ሳይሆን መምህር ሊሆን የሚሻውንም የሚፈትን መሆኑን ልብ ይሏል።

የተግባር ሥልጠና የምንለውም ይህን የመሰለውን ነው። ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ሥራ እንጥቀስ። መምህራኑ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ኮምፒዩተር ይቀመጡ፤ የአንድ አጥቢያ የጥምቀት መዝገብ የሚመስል፣ አንድ ሺህ ስም ያለበት ጽሑፍ ይሰጣቸው። ስሞቹ ለትምህርት ተብለው የተፈጠሩ ይሁኑ፤ የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሰውን እውነተኛ መዝገብ ለመለማመጃ ማውጣት አይገባምና። ከዚያም ዓለም ፀሐይ የምትባለውን ልጅ ፈልጉ ይባሉ።

ያን ጊዜ የሚገጥማቸው ችግር በማናቸውም የውጭ አገር መጽሐፍ አይገኝም። የስሙ መጀመሪያ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ተብሎ በአራት መልክ ይጻፋል፤ ፀ በጸም ይጻፋል፤ ቀጥሎ ያለውን ፊደል አንዱ ጸሐፊ በሀ፣ ሌላው በሃ፣ ሌላው በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ይጽፈዋል። አራቱ በሁለት፣ ሁለቱም በስድስት ሲባዛ 48 ይሆናል፤ ስሙን አንዱ ገጥሞ ሌላው ለይቶ ስለሚጽፈው 96 ይደርሳል። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት የቍጥር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ የግእዝን ፊደል ሲቀበል፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቍጥር ሰጥቶታል። ስለዚህ በጆሮ አንድ የሆኑት ሀ እና ሐ፣ በኮምፒዩተሩ ዘንድ ለ እና መ የሚለያዩትን ያህል የተለያዩ ናቸው። ልጅቱ በመዝገቡ ውስጥ ሳለች የለችም ትባላለች።

ብዙ ሠልጣኝ በመጀመሪያ የሚያስበው መፍትሔ፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ መለወጥ ነው። ፍለጋው ይሳካለታል፤ መዝገቡ ግን ይበላሻል። የግእዝ ሊቃውንት እንደሚያውቁት ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ ማለት ነው፤ ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ የሌባ ሥራ ነው። ሰውም ስሙን ወላጆቹ እንደ ጻፉት ሊያገኘው መብቱ ነው። ቀናው መንገድ ስሙን እንደ ተጻፈ በአንድ ዐምድ አኑሮ፣ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግለውን የተስተካከለ መልክ በሌላ ዐምድ መያዝ ነው። ይህ በንግግር አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ በእጅ ሠርቶ፣ አበላሽቶ፣ ደግሞም አቃንቶ ለማድረስ ግን ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ሥልጠናው የሚፈለገውም ለዚያ ግማሽ ቀን ነው።

የቀን አቈጣጠርም እንዲሁ ነው። ባዕድ አገር የተሠራ የመረጃ ቋት ዐሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅምና ጳጉሜንን አይቀበልም። ጥቅምት 30 ቀን የተወለደውንም ሕፃን ሁለተኛው ወር 30 ቀን የለውም ብሎ ይመልሰዋል። ይህስ በጎ ነው፤ ስሕተቱ ይታያልና። የሚከፋው ዝም ብሎ ሲቀበል ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የተወለደውን እንደ ፈረንጅ ጥር 1 ቀን 2010 አድርጎ ቢመዘግበው ሕፃኑን ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ያስረጀዋል። ስሕተቱ በትምህርት ቤት ባይታወቅ በጡረታው ቀን ይታወቃል።

ለአሠራሩ ከውጭ የምንወስደው መልካም ልማድ አለ። ግሬግ ዊልሰንና ብሬንት ጎርዳ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ የጀመሩት፣ ሶፍትዌር ካርፐንትሪ የተባለው ለተመራማሪዎች የሚሰጥ ሥልጠና ስሙን የወሰደው ከአናጢነት ነው። በዚያ መምህሩ የተዘጋጀ ጽሑፍ አያሳይም፤ በሁሉ ፊት እየጻፈ ተማሪዎቹ አብረውት ይጽፋሉ። እያንዳንዱ ሁለት ቀለም ያላቸው የሚለጠፉ ወረቀቶች አሉት፤ የጨረሰ አንዱን፣ የተቸገረ ሌላውን በኮምፒዩተሩ ላይ ይለጥፋል፤ ረዳቶችም በመካከል እየተዘዋወሩ የተቸገረውን ያግዛሉ። ሰው እጁን አውጥቶ አልገባኝም ለማለት በሚያፍርበት እንደ እኛ ባለ አገር፣ ይህች ትንሽ ወረቀት ብዙ ትረዳለች።

የገንዘብ ነገር ይነሣ ይሆናል። ሆቴሉ ቢቀር የሚተርፈው ቀላል አይደለም። ሥልጠናው በክረምት፣ ተማሪዎች በሌሉበት ጊዜ፣ በዩኒቨርሲቲው በራሱ የኮምፒዩተር ክፍል ይደረግ፤ ያለ ክፍያ የሚገኙት እንደ ፖስትግሬስ ያሉት የመረጃ ቋት ፕሮግራሞች ይበቃሉ። ኢንተርኔት ቢቋረጥም በክፍሉ ውስጥ በተቀመጠ አንድ ሰርቨር ሥራው ይቀጥላል። የመብራቱን ነገር በተመለከተ፣ መምህሩ ሥራውን መልመድ ያለበት መብራት በማይጠፋበት በሆቴሉ አዳራሽ ሳይሆን በሚጠፋበት በገዛ ክፍሉ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። ፈተናው ከቀረቡት መልሶች ትክክለኛውን በመምረጥ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ መዝገብ ሠርቶ ማሳየትን አይጠይቅም። ፈተናው ይቅር አንልም። ነገር ግን ሹማምንት የመምህሩን ሥራ ባለፉት ተማሪዎች ቍጥር ብቻ የመዘኑት እንደ ሆነ፣ ከሥልጠና የተመለሰ መምህር የተማረውን ትቶ ወደ ጥያቄና መልሱ ቢመለስ ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ በእጅ የተሠራው ሥራ በመምህሩ የደረጃ ዕድገት ውስጥ እንዲቈጠርለት ያስፈልጋል።

የምስክር ወረቀቱም በሥልጠናው መጨረሻ ቀን መሰጠቱ ይቅር። ከአንድ ትምህርት ክፍል ሁለት መምህራን አብረው ይሠልጥኑ፤ አንዱ ብቻውን የተመለሰ እንደ ሆነ የሚያማክረው ያጣልና። ወደ ቦታቸው ተመልሰው የሠሩትን በገዛ ኮርሳቸው ውስጥ አግብተው ያስተምሩ። በጥር ወር ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተላከ አንድ መምህር መጥቶ አንድ ቀን በክፍሉ ይቀመጥ፤ ተማሪዎቹ ዓለም ፀሐይን ፈልገው ሲያገኙና ጳጉሜንን ሲመዘግቡ አይቶ ይፈርም፤ የምስክር ወረቀቱም ያን ጊዜ ይሰጥ። የትምህርት ሚኒስቴርና የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ለመጪው ዓመት የሥልጠና በጀት ሲያዘጋጁ ለዚህ የሚመድቡት ወጪ የአንድ ሰው የአውቶቡስ ዋጋና የሁለት ሌሊት ማደሪያ ነው።