ሴቶች ልጆቻችንና የጋራዡ በር

ካኩማ ውስጥ ሰውም ዕቃም የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው በቦዳቦዳ ነው። ሞተሩን አሸዋና ሙቀት ይበላዋል፤ ስለዚህ የጥገና ሥራ አይጠፋም። ታዲያ ጋራዥ ስንገባ የምናየው ለምን ወንድ ብቻ ሆነ?

«ሥራው ጉልበት ይፈልጋል» እንላለን። ግን መኪና የሚያነሳው ክሪክ ነው እንጂ ክንድ አይደለም። ካንዴላ ማጽዳት፣ ፍሬን ማስተካከል፣ ዘይት መቀየር የሚፈልገው ጥንቃቄ ነው። ደግሞ ሃያ ሊትር ጀሪካን ከቧንቧ እስከ ቤት የምትሸከምን ልጅ ጉልበት የላትም ማለት ራስን ማታለል ነው። ከአገር ስንወጣ ብዙ ነገር ጥለን ወጥተናል፤ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ግን ይዘነው መጣን።

እኔ በአስተማሪነቴ እንደማየው ዋናው ችግር ሌላ ነው። ወንድ ልጅ ሙያውን የሚለምደው ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ፣ ቁልፍና ካቻቢቴ እያቀበለ ነው። ክፍያ የለው፣ ፎርም የለው። ሴት ልጅ እዚያው ብትቆም ግን «ምን ትሠራለች?» ይባላል። ስለዚህ ለእሷ የቀረው በር ማሠልጠኛ ብቻ ነው። እዚህ ዶን ቦስኮ የመኪና ጥገና ያስተምራል። የክፍሌን ልጃገረዶች ስጠይቅ ግን የሚነግሩኝ ስፌትና ፀጉር ሥራ ነው።

ወረቀቱም ትልቅ ነገር ነው። በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ ስደተኛ በሙያው እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ብቃቱ ግን በአገሪቱ በሚመለከተው አካል የታወቀ መሆን አለበት። የኒታ የሙያ ፈተና ከግሬድ 3 ይጀምራል። የሥራ ፈቃድ ጣጣው እንዳለ ሆኖ፣ ተምራ ፈተናውን ያለፈች ልጅ የምታሳየው ወረቀት አላት፤ በልምድ ብቻ የሠራው የለውም።

አሳሳቢው ይሄ ነው፦ በ2025 የእርዳታ ገንዘብ ሲቀነስ ራሽናችንም ቀነሰ። ነገ የማሠልጠኛ ቦታ ቢጠብ ወንዱ ወደ ጋራዡ ደጃፍ ይመለሳል። ሴቷስ ወዴት ትሄዳለች?

ስለዚህ ወላጆች፣ ምዝገባ ሲከፈት ልጃችሁን ስለ ጥገናም ጠይቋት። ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞች ደግሞ ሁለት ሴት ልጆች አብረው በቀን ሰዓት እንዲለማመዱ ፍቀዱ። ሁለት ሲሆኑ የቤተሰብም ስጋት ይቀላል፣ የሰፈር ወሬም ይቀንሳል። ይህን ለማድረግ የማንንም በጀት መጠበቅ አያስፈልግም።