ሦስት ጊዜ የተሸነፈው ሴናተር እና የ19 ዶላሯ ጉዞ

ሚኒያፖሊስ ወይም ሴንት ፖል ውስጥ ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዳ ወንድም፣ አጎት፣ ጓደኛ ያላችሁ ይቺን እስከ መጨረሻ አንብቧት።

አንድ ጉዞ አስቡ። 10 ማይል፣ 20 ደቂቃ። በሚኒሶታ ሕግ የዚህ ጉዞ ዝቅተኛ ክፍያ ለሹፌሩ 19 ዶላር ሆኖ ይሰላል። በማይል 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም። የሚቆጠረው ተሳፋሪ የያዘበት ብቻ ነው፤ ባዶ መኪና ይዞ የዞረበትን ማንም አይከፍለውም። ቢሆንም ከዲሴምበር 2024 በፊት ይቺም አልነበረችም።

ከዚህ ሕግ ጀርባ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ሰው አለ፤ ኦማር ፋቴህ። የሚኒሶታ ስቴት ሴናተር ነው። (ዋሽንግተን ካለው ሴኔት ጋር እንዳታምታቱት። ይሄኛው የስቴቱ የራሱ ምክር ቤት ነው፣ 67 ወንበር አለው።) ወላጆቹ ከሶማሊያ የመጡ፣ እሱ ዲሲ የተወለደ። «የኛ ሰው አይደለም፣ ምን አገባን?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ኤርፖርት ተራ የሚጠብቀው ሶማሌውም ኢትዮጵያዊውም አንድ ላይ ነው፤ የሚከፈለውም በዚያው ሳንቲም ነው።

የሰውዬው የምርጫ ታሪክ በድል አይጀምርም። በ2015 ገና የ25 ዓመት ልጅ ሆኖ ቨርጂኒያ ውስጥ ለፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቦርድ ተወዳደረ፣ ተሸነፈ። ወደ ሚኒያፖሊስ ሄደና በ2018 ለስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት ሞከረ፤ በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ሆዳን ሐሰን የምትባል ሌላ ሶማሊ-አሜሪካዊ ረታችው። (ስሟን ያዙልን፣ እንመለስበታለን።) በ2020 ግን ከ2011 ጀምሮ ሴኔት የተቀመጠውን ጄፍ ሄይደንን ተጋፈጠ። መጀመሪያ የዲኤፍኤልን ድጋፍ ወሰደበት፤ ዲኤፍኤል ማለት ሚኒሶታ ላይ ዴሞክራቶቹ የሚጠሩበት ስም ነው። ከዚያ በኦገስት ፕራይመሪ አሸነፈው። በሚኒሶታ ሴኔት የመጀመሪያው ሶማሊ-አሜሪካዊ፣ የመጀመሪያውም ሙስሊም ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የኖቬምበሩ ምርጫ የት ሄደ? ተደርጓል፣ በሰፊው አሸንፏል፣ ግን ማንም ትንፋሹን ይዞ አልጠበቀም። ዲስትሪክት 62 የዴሞክራት ሰፈር ነው። እዚያ ፕራይመሪውን ያሸነፈ ወንበሩን ያዘ ማለት ነው። ፕራይመሪው ደግሞ ሰው ሙቀት ሸሽቶ ሐይቅ ዳር በሚውልበት በኦገስት ነው የሚካሄደው፤ የሚመርጠውም ሰው ከኖቬምበሩ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ኖቬምበርን የሚጠብቅ የኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

እሺ፣ ቃል የገባውስ ምን ሆነ?

በ2022 እሱ በድጋሚ ሲመረጥ ዴሞክራቶች ሴኔቱን 34 ለ33 ያዙ። በአንድ ወንበር! እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አንድ ሴናተር «አልመርጥም» ካለ ሥራው ይቆማል። እሱም የከፍተኛ ትምህርት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። ነፃ ኮሌጅ የሚለው ቃሉ በ2023 ሕግ ሆነ፤ ከ2024 መኸር ጀምሮ የቤተሰብ ገቢው በዓመት ከ80,000 ዶላር በታች የሆነ ተማሪ በስቴቱ የመንግሥት ኮሌጆች ክፍያው ይሸፈንለታል። ለሁሉም አይደለም። ግን ማታ ማታ የሚነዳ አባት ያለው ልጅ ብዙውን ጊዜ ከዚያ መስመር በታች ነው።

የሹፌሮቹ ጉዳይ ግን ተንገላቷል። በ2023 ረቂቁን በሴኔት እሱ፣ በታችኛው ምክር ቤት ደግሞ ያቺ በ2018 የረታችው ሆዳን ሐሰን ይዘውት ገቡ። ለከተማ አካባቢ በማይል 1 ዶላር ከ45፣ በደቂቃ 34 ሳንቲም። የኛን ጉዞ ካሰባችሁት 21 ዶላር ከ30 ነው። ሁለቱም ምክር ቤቶች አሳለፉት። ኡበር ከከተማ ውጭ አገልግሎት አቆማለሁ ብሎ አስፈራራ፤ ገዥው ቲም ዋልዝ ቪቶ አደረጉት። በገዥነታቸው የመጀመሪያው ቪቶ ነበር።

በ2024 የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት በራሱ መንገድ ሄደ። 1 ዶላር ከ40 በማይል፣ 51 ሳንቲም በደቂቃ። ከንቲባ ጄኮብ ፍሬይ ቪቶ ቢያደርጉም ምክር ቤቱ ሻረው። በዚህ ስሌት ጉዞዋ 24 ዶላር ከ20 ትሆን ነበር። ሁለቱ ኩባንያዎች «ከተማውን ጥለን እንወጣለን» አሉ፣ ድንጋጤ ሆነ። በመጨረሻ በሜይ ስቴቱ የራሱን ሕግ አወጣና የከተማውን ሻረ። 19 ዶላር።

እና ድል ነው ሽንፈት? እኛ ድል ነው እንላለን፣ ግን ቅናሽ የተደረገበት ድል። ስቴቱ ራሱ ያስጠናው ጥናት ሹፌሩ ወጪውን ሸፍኖ ዝቅተኛውን ደመወዝ እንዲያገኝ 89 ሳንቲም በማይል እና 49 ሳንቲም በደቂቃ ይበቃል ብሎ ነበር፤ በኛ ጉዞ 18 ዶላር ከ70። ሕጉ ከዚያ የሚበልጠው በ30 ሳንቲም ነው። የከተማው ቢጸና ኖሮ ሹፌሩ በአንድ ጉዞ 5 ዶላር ከ20 ይጨመርለት ነበር፣ ወይም ኩባንያዎቹ እውነት ወጥተው ምንም አያገኝም ነበር። ሲፎክሩ ነበር ወይስ የምራቸውን? አሁን ማረጋገጫ የለውም።

ስሙ ንጹሕ ብቻ አይደለም፣ ይህንንም እንንገራችሁ። በ2020 ዘመቻው ላይ በበጎ ፈቃድ የሠራ የጋብቻ ዘመዱ፣ በሌሉበት ለሚመርጡ ሰዎች ስላደረሳቸው የድምፅ ወረቀቶች ለፌዴራል ግራንድ ጁሪ ዋሽቷል ተብሎ በ2022 ጥፋተኛ ሆኗል። ፋቴህ ራሱ አልተከሰሰም። ቢሆንም አንድ ቤተሰብ ለአሥር ሰው ወረቀት በሚሰበስብበት ማኅበረሰባችን ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። የራሳችሁን ወረቀት ራሳችሁ ላኩ።

ሦስተኛው ሽንፈት በ2025 መጣ። ለሚኒያፖሊስ ከንቲባነት ፍሬይን ገጠመ። የቤት ኪራይ ጭማሪ ገደብና የ20 ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ ይዞ ነበር የቀረበው። ጁላይ ላይ የፓርቲውን ድጋፍ አገኘ፤ በኦገስት የስቴቱ ፓርቲ የድምፅ አሰጣጡ ችግር ነበረበት ብሎ ነጠቀው። ኖቬምበር ላይ ፍሬይ በሁለተኛው ዙር ቆጠራ ከግማሽ በጥቂት አልፈው አሸነፉ።

አሁን ሁሉም 67 የሴኔት ወንበሮች በ2026 ለምርጫ ይቀርባሉ። አጠቃላይ ምርጫው ኖቬምበር 3 ነው። ፕራይመሪው ግን ኦገስት 11 ነው፣ ማክሰኞ። ዜግነት ያላችሁ የፓርቲ አባል መሆን አያስፈልጋችሁም፤ ካልተመዘገባችሁም አድራሻችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ይዛችሁ በዕለቱ እዚያው መመዝገብ ትችላላችሁ። በሥራ ላይ ከሆናችሁ አፑን ለአንድ ሰዓት ዝጉት።