የአያቶቻችን ጠመንጃ ዋጋው ስንት ነው?

ወገን፣ እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሰደፉ የተሰነጠቀ፣ አፈሙዙ የዛገ፣ ጥይቱ ከገበያ የጠፋ አንድ አሮጌ ውጅግራ ስንት ያወጣል?

«ቁራሌው እንኳን አይወስደውም» ያላችሁ አትጠፉም። እንግዲያውስ ስሙኝ። አሜሪካ ውስጥ ዋጋ ወጥቶለታል። ባለፉት ዓመታት «ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጣ» እየተባለ ውጅግራው፣ የጣሊያን ቬተርሊና ካርካኖው፣ ቤልጅጉ ሁሉ ባሕር ተሻግሮ በኢንተርኔት እንደ ጫማ ሲቸረቸር ነበር። ብዙው በጥቂት መቶ ዶላር። «ደህና»፣ «መካከለኛ»፣ «የተሰበረ» እየተባለ ደረጃ ይወጣለታል። ከክምሩ ሻል ያለው ተመርጦ እንዲላክለት የፈለገ ደግሞ ትንሽ ዶላር ይጨምራል።

መሸጡ አንድ ነገር ነው። የሚያቃጥለኝ ግን ዋጋውን እኛ ሳንሆን ሌላ ሰው ማውጣቱ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ወደ እንጦጦ ልውሰዳችሁ። በ1879 ዓ.ም አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ 2 ሺህ ገደማ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ በረሃውን አቋርጦ መጣ። አዎ፣ ያ በዓለም የታወቀው ገጣሚ ራሱ። የያዘው የአውሮፓ ጦር የጣለውን ያለፈበት ጠመንጃ ነበር። እዚህ በውድ ሸጦ ሊከብር አስቧል። ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት እምዬ ምኒልክ ግን አልተሸወዱም። ዋጋውን ሰበሩት። የሞተው ሸሪኩ ዕዳ አለበት ተብሎም ተቀነሰበት። የቀረውን ገንዘብ «ሐረር ሄደህ ከመኮንን ተቀበል» ተብሎ ተሸኘ። ሰውዬው እያማረረ ነው የሄደው።

ልብ በሉ! ፋብሪካ ያልነበረው መንግሥት ስለ አሮጌ ጠመንጃ ዋጋ ከፈረንጁ ነጋዴ ጋር ተከራክሮ ረታ። ከዚያ ወዲህ የተሻለው ሁሉ ከየአገሩ በወርቅ፣ በዝሆን ጥርስ፣ በዝባድ እየተገዛ ተከማቸ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ዓድዋ ላይ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል።

የካ የምትኖሩ፣ አንድ ቀን እንጦጦ ተዳፋት ላይ ወጥታችሁ ቁልቁል እዩ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እንግሊዝ ኤምባሲ፣ ሩሲያ ኤምባሲ፣ ጣሊያን ኤምባሲ። ሰፊ ግቢ ይዘው የተቀመጡት እነዚያው የጠመንጃ አገሮች ናቸው። ከዓድዋ በኋላ በአክብሮት ደጅ የጠኑት እነሱ ናቸው። የጠመንጃቸው ስም እንኳ በአባቶቻችን አፍ አማርኛ ሆኖ ቀርቷል፤ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ ውጅግራ፣ ለቤሉ ለበን፣ የሞስኮው መስኮብ።

ታዲያ አሮጌ ጠመንጃ እንዴት ይተመናል? ሦስት ነገር ይታያል።

አንደኛ፣ ጥቅሙ። ውጅግራ በፈረንጅ 1874 የወጣ፣ 11 ሚሊሜትር ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ ነው። ለዛሬ ጦር ምንም አይሠራም። ይሄን አልክድም።

ሁለተኛ፣ አካሉ። የአፈሙዙ ውስጥ ተበልቷል ወይ? መቀርቀሪያው ላይ ያለው ቁጥር ከጠመንጃው ቁጥር ጋር አንድ ነው ወይ? ይሄንን የአሜሪካ ሰብሳቢ ከኛ በላይ ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ ታሪኩ። የይሁዳ አንበሳ ምልክት ተመትቶበታል? ሰደፉ ላይ ስም ተቀርጿል? የተሰነጠቀው እንጨት በእርጥብ ጠፍር ተጠፍሮ እስኪደርቅ ቆይቶ እንደገና ዘምቷል? ፈረንጁ ይሄን ጠፍር አይቶ «ጉዳት አለበት» ብሎ ዋጋ ይቀንሳል። እኛ ጋ ግን ዋጋው ያለው እዚያው ጠፍሩ ላይ ነው።

አንዱ ቬተርሊ ዓድዋ ላይ የተማረከ ሊሆን ይችላል። አንዱ ካርካኖ በአምስቱ ዓመት አንድ አርበኛ ከጠላት እጅ የነጠቀው ሊሆን ይችላል። የትኛው? ከየት አውራጃ ገባ? ማን አስረከበው? ይሄ የሚመዘገበው ከመጋዘን ሳይወጣ ነው። ኮንቴነር ውስጥ ከተደባለቀ በኋላ ጠመንጃው ብረትና እንጨት ብቻ ይሆናል።

መጋቢት 2011 ዓ.ም የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ከለንደን ሲመለስ ስንቶቻችን አለቀስን? ተገቢ ነው። የመቅደላ ቅርስ ይመለስ ማለታችንንም እንቀጥላለን። ግን ሌላው የዘረፈንን «መልስ» እያልን የራሳችንን በሳጥን አሽገን ስንልክ በምን አፋችን ነው የምንከራከረው?

«ዶላር ያስፈልጋል፣ መጋዘኑም ሞልቷል» የምትሉ አላችሁ። እሺ። ሺህ አንድ ዓይነት ጠመንጃ በሙሉ ሙዚየም ይግባ አላልኩም። መጀመሪያ ይመዝገብ፣ ታሪክ ያለው ይለይ፣ ከዚያ ትርፉ ይሸጥ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ ጥያቄያችን ቀላል ነው፦ ሳጥኖቹ ከመዘጋታቸው በፊት የቅርስ ባለሙያ አይቷቸዋል ወይ? የታየበት መዝገብ ካለ ለሕዝብ ይገለጥ። የካቲት 2016 ዓ.ም ፒያሳ ላይ ለተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያስ ስንቱ ተመርጦ ቀረ?

ሰው የለም እንዳትሉን ደግሞ። ከኮተቤ እስከ መገናኛ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ የሚውል ተመራቂ ሞልቷል፤ እኔም አንዱ ነኝ። ታሪክ የተማረ አለ፣ ቅርስ አስተዳደር የተማረ አለ፣ ፎቶ ማንሳት የሚችል አለ። መዝገብና ካሜራ ስጡንና መጋዘኑን በየተራ እንጨርሰዋለን።

እስከዚያ ከእናንተ የሚጠበቅ አለ። ማንም ተነስቶ መሣሪያ ይፈልግ እያልኩ አይደለም፤ አዋጅ 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል። እኔ የምላችሁ እስክሪብቶ ያዙ ነው። አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፦ ቤታችን የነበረው ጠመንጃ ስሙ ማን ነበር? ከማን ተወረሰ? የት ዘመተ? መጨረሻው የት ደረሰ? ስም፣ ቦታና ዘመን ጽፋችሁ አስቀምጡ። እነሱ ካለፉ ይሄን የሚነግረን የለም።

ፈረንጁ የራሱን ዋጋ ነግሮናል፦ ጥቂት መቶ ዶላር። የኛን ዋጋ የሚናገረው ግን ያንን ጠመንጃ ትከሻው ላይ ያየ ሽማግሌ ነው። ሄዳችሁ ጠይቁት፤ የነገራችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ሼር!